ጓድ ጠፋ

«ጓድ ጠፋ! ኧረ ጓድ ጠፋብን!»

ስልኩ ይህንን ብቻ ተናገረና ተቆረጠ። ጊዜው ስድሳ ስድስት አልፎ ሰባ አምስት የገባበት፣ ቀኑ ሐሙስ፣ ቦታው ባሕር ዳር ያለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

በዚያ ዘመን ጓድ ጠፋ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ጓድ ሌላውን ያጠፋል እንጂ ራሱ ጠፍቶ አያውቅም። ጣቢያው ተተረማመሰ። ጥሪው ከከተማው በስተምዕራብ፣ ሐይቁ ዳር ካለች ቀበሌ መምጣቱ ሲታወቅ ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ሁለት ፖሊስና አንድ ላንድሮቨር ተሰጥቶት ከነፈ። ሌባ እንጂ ካድሬ ፍለጋ ወጥቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ማንም ሳያየው ሁለት ጊዜ አማተበ።

ሲደርስ ሊቀ መንበሩ የለም፤ ፍለጋ ወጥቷል። እህል መጋዘን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ታስረው አገኘ። የጠፋው ጓድ ጠባቂ እሳቸው ናቸው ተባለ።

«ስምዎን?»

«አገኘሁ።»

«የት አገኙት?»

«ስሜ ነው እንጂ ጌታዬ! እኔስ ምንም አላገኘሁ።»

ቢያዝን ጉሮሮውን ጠረገ። «ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«እሑድ ማለዳ።»

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ምን ይለብሳል? እንደተፈጠረ ነው።»

«ራቁቱን?»

«ኧረ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

«ጠላት ነበረው?»

«ጠላት እንኳ የለውም። አጠገቡ የደረሰውን ግን ይወጋል።»

ቢያዝን «አደገኛ» ብሎ ጻፈ። «ሚስትስ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ሚስት እንኳ አይባልም... ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት አጥቅቷል።»

«ሠላሳ ስምንት ሴት?!»

«ሴት ናቸዋ! ወንድ ምን ያደርግለታል?»

ሃምሳ አለቃው ብድግ አለ። ይኼኔ ከበሩ ላይ ሳቅ ፈነዳ። የሳቀችው ሸዋዬ ናት፤ ከግብርና የተመደበች የእንስሳት እርባታ ባለሙያ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጓድ እኮ ኮርማ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፈረንጅ ዝርያ ያለው፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ኮርማ ከሁለት ዓመት በፊት በጭነት መኪና መጣ። የአገራችን ላም ከሱ ከወለደች ጥጃዋ አድጋ ከእናቷ አራት እጥፍ ትታለባለች። በዚህ ዓይነት ወተቱ ከቤት ቤት ይዳረሳል፣ ረሃብም ይቀንሳል ተብሎ በስብሰባ ተነገረ። ስብሰባው አልቆ ሰው ሲበተን ግን ሊቀ መንበር አስናቀ ኮርማውን በአጥር ከበበው። ከአምራቾች ማኅበር አባላት ላሞች በቀር ማንም እንዳይደርስበት! ሌላው ገበሬ ላሙን ይዞ በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። አያርስ፣ አይጭን፣ ከሁሉ ቀድሞ ይበላል፣ በዘብ ይጠበቃል፤ ሰዉ «ጓድ» አለው። አስናቀ የአክብሮት ስም መስሎት ደስ አለው፣ ምን ይደረግ።

ሸዋዬ ሳቋን ዋጠች። «ሊቀ መንበሩ እስከ ዛሬ በምስጢር ፈልገው ሲያቅታቸው ነው ያስደወሉት። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች ይመጣሉ። እስከዚያ ካልተገኘ ጋሽ አገኘሁ በአሻጥር ይከሰሳሉ። በአሻጥር የሄደ ሰው ደግሞ ሲመለስ አላየሁም።»

ቢያዝን ሽማግሌውን አያቸው። አንጀቱን በሉት።

ሥራውን ከበረቱ ጀመረ። አጥሩ አልፈረሰም። ገመድ አልተቆረጠም። የበሩ መወርወሪያ መሬት ወድቋል። ይህን እየጻፈ ሳለ አስናቀ እያለከለከ ደረሰ።

«አርደው በልተውታል!» አለ። «አባል ያልሆኑት ናቸው፣ ከቅናት የተነሳ! ደሙን ሐይቁ ዳር አይቻለሁ!»

ሮጡ። እውነትም አሸዋው ላይ ደም አለ። አስናቀ ራሱን ይዞ «ወይ ጓድ!» እያለ አለቀሰ። ቢያዝን ደም የነካውን አሸዋ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ሸዋዬ አሸተተችውና ፊቷን አጨማደደች።

«አምባዛ ነው። ዓሣ አጥማጆች እዚህ ነው የሚሰነጥቁት።»

የሃምሳ አለቃው ኪስ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ሸተተ።

ከአምባዛው ደም ወዲያ ግን እርጥቡ መሬት ላይ ዱካ አለ። አንድ ትልቅ ኮቴ፣ አንድ ትንሽ ኮቴ፣ አንድ የሰው ባዶ እግር። ቢያዝን ተንበረከከ። ኮቴዎቹ የሰውን እግር ረግጠውታል።

«ከብት የሚነዳ ሰው የት ነው የሚሄድ?» ሲል ጠየቀ።

«ከኋላ ነዋ» አለች ሸዋዬ።

«ይህ ሰው ከፊት ነበር። ኮርማው አልተነዳም፤ ተከትሎ ነው የሄደው። ቆይ፣ ምን ይበላል?»

«ተሞላቅቋል። ሣር ብቻ ከሰጡት ፊቱን ያዞራል። ፋጉሎ ይፈልጋል።»

ፋጉሎ የኑግ ዘይት ሲጨመቅ የሚተርፈው ነው፤ በአካባቢው ዘይት የምትጨምቅ ደግሞ ነፊሳ ብቻ ናት። ቢያዝን ቤቷ ሄደ።

«ሰሞኑን ፋጉሎ ማን በዛ አድርጎ ወሰደ?»

ነፊሳ ሳቀች። «ፅጌ ማርያም። ከሰኞ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ያለቻት አንዲት ላም ናት። ‹ላምሽ ዝሆን ሆነች ወይ?› ብላት ‹እንግዳ አለብኝ› አለችኝ።»

ፅጌ ማርያም ባሏ የሞተባት፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ደጇ ላይ ሴቶች ላም ላማቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ጓድ ከዋርካው ጥላ ሥር ተዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያርፋል። ከስቷል።

«እሰሩልኝ!» ብሎ ጮኸ አስናቀ።

«እርስዎ ነዎት የሰረቁት?» አላት ቢያዝን።

«እኔ? ላሜ ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ አደረች። ለጎረቤቴ ለሰገነት የአገር ኮርማ ላሳያት ብዬ ይዣት በበረቱ በኩል አለፍሁ። ዞር ስል ይኼ ከኋላዬ አለ። ና አላልሁት። ጌታዬ፣ ይህን የሚያህል አውሬ እኔ በምን አቅሜ ልከልክለው?»

«ታዲያ ለምን አልመለሱትም?»

«ልመልሰው ተነሳሁ። የሰገነት ላም ደረሰች። እሷን ስንጨርስ የወለተ ሩፋኤል ላም ጮኸች። ማንን ከማን ላስቀይም?»

«አንቺ አባል አይደለሽም!» አለ አስናቀ።

ፅጌ ማርያም ወደ ሸዋዬ ዞረች። ድምፅዋ ተሰበረ። «አንቺ ነሽ በስብሰባው ‹ለሰፊው ሕዝብ ይዳረሳል› ያልሽ። የኔ ላም የምትታለበው አንዲት ጭልፋ ነው፤ እኛ ስድስት አፍ ነን። ሰፊው ሕዝብ እኔ አይደለሁም ወይ? ከዚህ በላይ እንዴት ልስፋ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሸዋዬ ግን አልሳቀችም፤ አፈረች።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አለች ቀስ ብላ። «ለጎብኚዎቹ በጻፉት ሪፖርት ‹ከማኅበሩ ውጭም ተዳርሷል› ብለዋል። እስከ እሑድ አንድ ላም አልነበረዎትም። ዛሬ ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ» አለች ፅጌ ማርያም።

አስናቀ ላሞቹን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «እስከ ቅዳሜ ቢቆይስ?» ሲል ጠየቀ።

ክሱ በዚያው ቀረ። ሽማግሌው ተፈቱ። አርብ ማታ ጓድ በፅጌ ማርያም ላም ኋላ እየተጎተተ ወደ በረቱ ገባ።

ቢያዝን ለምርመራው መዝጊያ ከአገኘሁ ጋር በሩ ላይ ቆመ። መወርወሪያውን አንስቶ ወዲያና ወዲህ ሳበው።

«አባቴ» አለ። «ይኼ ከውጭ ነው የሚሳበው። ኮርማ ከውስጥ ሆኖ እጅ የለውም።»

አገኘሁ በሩን ደገፍ አሉ።

«ሁለት ዓመት አበላሁት፣ አጠጣሁት» አሉ። «ቅጥር ዘበኛ ነኝ፤ አባል አይደለሁም። የኔ ላም በአጥር እያየችው ሁለት ዓመት መከነች። እሑድ መጀመሪያ የኔዋን አስገባሁ። ቀጥሎ ፅጌ ማርያም ላሟን ይዛ ስታልፍ፣ እንጃ፣ እጄ መወርወሪያውን ሳበው። በሉ እሰሩኝ።»

ቢያዝን ደብተሩን ገልጦ ጻፈ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበ። «መወርወሪያው አጭር በመሆኑ በራሱ ወድቆ...»

«ኧረ አጭር አይደለም ጌታዬ! እኔው ነኝ ለክቼ የጠረብሁት።»

«አጭር ነው አልሁ።»

«በማርያም፣ ልክ ነው!»

«አባቴ፣ ፖሊስ አጭር ነው ብሎ ጽፏል!»

አገኘሁ ሃምሳ አለቃውን አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ቤታቸው ገቡ፣ መጥረቢያ ይዘው ወጡ፣ መወርወሪያውንም አንድ ክንድ ቆረጡት።