አራት እውነት፣ አንድ ውሸት

ድሬ ላይ ሙቀቱ ሲብስ፣ ከቀፊራ ገበያ የገዛኸው እንቁላል ከዚራ ሰፈር ሳትደርስ ፌስታልህ ውስጥ ተቀቅሎ ታገኘዋለህ። ይሄ ውሸት ነው። የተማም ነገር ግን እውነት ነው።

ተማም ባጃጅ ነጂ ነው። ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ አቁሟል፤ ማንበቡን ግን አላቆመም። ቀትር ላይ ከተማው በሩን ዘግቶ ሲጋደም፣ እሱ ከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር ባጃጁን አቁሞ፣ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ፣ ከኢንተርኔት ጉድ ይለቅማል። እናቱ ከሞተች ወዲህ ቤት ገብቶ የሚያወራው ሰው የለውም። ስለዚህ የለቀመውን «ጉድ በል ድሬ» በተባለው፣ ማንም ገብቶ በሚያነበው የቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለቀዋል።

ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ በየሐሙሱ አምስት ነገር ይጽፋል፤ አራቱ እውነት፣ አንዱ ከራሱ ኪስ። ውሸቱን ያገኘ ሰው ስሙ ይጠራለታል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ተከታይ ነበረው። ሁልጊዜ ውሸቱን የሚያገኘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ‹አ› የሚባል። ተማም ይህን ‹አ› ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ የፊዚክስ አስተማሪ አድርጎ ነበር የሚያስበው።

አንድ ቀን ከከዚራ አንዲት ልጅ ወደ ቀፊራ ተሳፈረች። ተማም ደግሞ ዝምታ አይችልበትም።

«እህቴ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ጊኒ ፒግ የምትባል አይጥ መሳይ እንስሳ ብቻዋን ማኖር በሕግ ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ? ብቸኝነት ይጎዳታል ብለው።»

ልጅቷ ከስልኳ ቀና አላለችም። «የሐሙሱ ቁጥር ሁለት። እውነት ነው። ውሸቱ አራት ነበር፤ የሁርሶ ግመሎች በጆሯቸው ውሃ ይጠጣሉ ያልከው።»

ባጃጁ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ከኋላ የነበረው ባለጋሪ በሦስት ቋንቋ ስድቡን አወረደው።

«አንቺ ነሽ ‹አ›?»

«አያን እባላለሁ። ዋሪያ፣ ንዳ እንጂ! ሰውየው በአለንጋው ሊደርስብን ነው።»

በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሷ ቀድማ ዓይኗን ሰበር አደረገች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቀስ ብላ፣ «ለሰውስ እንዲህ ያለ ሕግ የላቸውም?» አለች።

ተማም ፊቱ ማንም በሌለበት ጡሩምባውን ነፋ።

አያን ቀፊራ በአክስቷ የጨርቅ ሱቅ ትሠራለች። ወላጆቿ ሐርጌሳ ናቸው። ቀትር ላይ አክስቷ ስትተኛ፣ እሷ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል ተቀምጣ ስልኳን ታነባለች። ሁለቱ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ከዚራ፣ አንዷ ቀፊራ፣ አንድ ነገር ሲያነቡ ከርመዋል ለካ።

ከዚያ ወዲህ ለልብስ ሰፊው ጨርቅ አድርሳ ስትመለስ የሚወስዳት እሱ ሆነ።

«ውሸቴን ሁሌ እንዴት ነው የምትይዢው?» አላት አንዴ።

«ውሸትህን ፈልጌ አላውቅም። የማጣራው እውነቶቹን ነው። አራቱ እውነት ከሆኑ የቀረው ያንተ ነው።»

«ወላሂ ዳኛ መሆን ነበረብሽ!»

ሳቀች። ያን ሳቅ ለመስማት ስንት ግመል በጆሮው ውሃ እንዳጠጣ እሱና አላህ ያውቃሉ።

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ረቡዕ ባጃጁ ቀፊራ ደርሶ ሲቆም አያን አልወረደችም።

«ዓርብ ጠዋት ሐርጌሳ እሄዳለሁ። አንድ ሰው አባቴን ጠይቆታል። አባቴ፣ ‹ሌላ የጠየቀሽ ሰው ከሌለ ቃል ልስጥ› ብሎኛል።»

«ሐርጌሳ? እዚያ እኮ ግመሎቹ መንጃ ፈቃድ አላቸው!»

አልሳቀችም። «ተማም፣ አንድ ጊዜ እንኳ የምርህን የሆነ ነገር ንገረኝ።»

«እ... የኋላ ጎማው አየር ጎድሎታል» አለ።

በመስታወቱ ውስጥ ረዘም አድርጋ አየችው። ከዚያ ወረደች።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ አፉ ያልቻለውን ጣቱ ይችል እንደሆነ ብሎ ስልኩን አወጣ። ዛሬስ አንዲት ቃል አልዋሽም ብሎ ማለ።

«አንድ፦ ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው።
ሁለት፦ አውስትራሊያ ያለው ዎምባት የሚባል እንስሳ ፋንድያው እንደ ኪዩብ ስኳር ባለ አራት ማዕዘን ነው።
ሦስት፦ ድሬ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ‹አ›ን ይወዳታል። ነገ ሳትሄድ ሽማግሌ ይልካል።
አራት፦ ሻርክ ዛፍ ከመኖሩ በፊት ነበር።
አምስት፦ ቬነስ ላይ አንድ ቀን ከአንድ ዓመት ይረዝማል።»

ለቀቀውና አጎቱን ሳላሕን ለሽምግልና ሊያመጣ ወደ ሁርሶ ነዳ። ስልኩ መንገድ ላይ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

«ሽማግሌ ሁኑኝ?» ሳላሕ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ባለፈው አዞ መጣ ብለህ ሰፈሩን ሁሉ ዱላ አስይዘህ አላስወጣህም? ሂድ አቦ!»

ማለ፣ ለመነ፣ እግራቸው ላይ ወደቀ። ያመኑት በማግስቱ ነው፤ ቁርስ ላይ አንድም ቀልድ ሳይወጣው ሲያዩ። ነጭ ኮፍያቸውን አጥልቀው ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

ቀፊራ ሲደርሱ አክስቷ ብቻዋን ጨርቅ ታጥፋለች።

«ጎህ ሲቀድ ሄደች። ምን ብለሃት ነው እንደዚያ ያለቀሰችው? የሐርጌሳ ቁጥሯን? ላንተ የሚሰጥ ቁጥር የለኝም።»

ተማም ጎረቤት ሱቅ ገብቶ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካ። መልእክቱ ከትናንት ጀምሮ ተቀምጦ ነበር።

«ሦስት ውሸት ነው። አራቱን አጣርቻለሁ፤ ሁሉም እውነት ናቸው። ደህና ሁን።»

ላለመዋሸት ሲምል ውሸቱን ማስገባት ትቶ ነበር፤ ሕጉን መተዉን ግን ለማንም አልነገረም። ደወለ፤ ዝግ ነው። ቻናሉን አየ፤ ተከታዮቹ አራት መቶ አሥራ አንድ።

«ምን አለች?» አሉ ሳላሕ።

«ልክ ናት፣ አጎቴ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከሦስት ወር በኋላ አክስቷ፣ ዘወትር በሱቋ በር ሲመላለስ ሰልችቷት ይሁን አሳዝኗት፣ «ሰውየውን እምቢ ብላለች» ብላ ጣል አደረገችለት። ቁጥሩን ግን አሁንም አልሰጠችውም።

ተማም በየሐሙሱ መጻፉን አልተወም። አራቱ እውነቶች ይለዋወጣሉ። አምስተኛው ግን ሁሌ አንድ ነው፦ «ድሬ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ‹አ›ን ረስቷታል።»

መጀመሪያ ሰው ገመተ፤ ከዚያ ቀለደ፤ ከዚያ ሰለቸውና ወጣ። ዓመት ሲሞላ ስልሳ የማይሞሉ ቀሩ፤ እነሱም መውጣት የረሱ ይመስለኛል። ቀትር ላይ ከዚራ ጥላ ሥር፣ መስታወቱ ባዶውን የኋላ ወንበር እያሳየው፣ ሰው ያንብበው አያንብበው ሳያውቅ ይጽፋል።

አንድ ሐሙስ ጽፎ እንደለቀቀ ስልኩ ጮኸ። ከውጭ አገር ቁጥር የመጣ መልእክት ነው።

«አምስት ውሸት ነው። አራቱን ግን ገና አላጣራሁም።»

ተማም መጀመሪያ ስልኩን ቻርጅ አደረገ። ከዚያ ባጃጁን ወደ አጎቱ፣ ወደ ሁርሶ አዞረ።