አናጺው ያልጨረሰው ወንበር

ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፈረንሳይኛ ሰዋስው ማስተማር ስጀምር የኋላው ረድፍ ይተኛል፣ መሃሉ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ይነካካል፣ የፊተኞቹ ደግሞ አፋቸውን ሸፍነው ያዛጋሉ። ርእሰ መምህሯ ቁርጡን ነግረውኛል። በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ግማሹ ክፍል ካላለፈ ኮንትራቴ አይታደስም።

አናጺው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ስምንት የተሰባበሩ ዴስኮች ሊጠግን ተልኮ የክፍሌን ጥግ ያዘ።

«መዶሻ እንዳይሰማ» አልኩት።

«ግድ የለም ቲቸር፣ ብሎን ብቻ ነው የማጠብቀው» አለኝ፣ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ እየነካካ።

በማግስቱ ሰሌዳውን ሞልቼ «ገባችሁ?» ስል፣ እንደ ወትሮው ሁሉም «አዎ!» አሉ።

«እኔ አልገባኝም» አለ አናጺው።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ግን አላፈረም። «የምሬን ነው። ይቺ ቃል መጨረሻዋ ላይ ለምን ተቀየረች?»

አፌን ሳልከፍት፣ ጓደኞቹ «ትራስ» የሚሉት እንቅልፋም ልጅ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ቀላል እኮ ነው!» ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ተሳሳተ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ አረመችው። ትራስን ግን አልዋጥልህ አለው፤ ክርክሩ ጦፈና ደብተር ተገለጠ። ደብተር ሲገለጥ መስማት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኔ ትንሽ አወራለሁ፣ እነሱ ለአናጺው ያስረዳሉ። እሱ በትርፍራፊ ጣውላ ላይ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ እነሱ በቀይ ያርሙለታል፤ በነጋታው ጣውላውን በመላጊያ ልጎ ንጹሕ አድርጎ ያመጣዋል። አንዳንዴ ከጣውላው ላይ ቀና ሲል ዓይናችን ይጋጫል። እኔም ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት መቆየት አመጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ርእሰ መምህሯ ገቡ። «ስምንት ዴስክ ሦስት ሳምንት?»

ትራስ የሚያሞግሰው መስሎት ቀደመ። «እትዬ፣ ትምህርቱ እንዳያመልጠው እኮ ነው! ያጠበቀውን መልሶ ሲፈታ አይቼዋለሁ።»

«ዛሬውኑ ጨርሰህ ውጣ» አሉት።

አናጺው አየኝ። ስለ እሱ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። ኮንትራቴን አሰብኩና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

በፈተናው ከአርባ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ አለፉ። ኮንትራቱን ፈረምኩ። ቅዳሜ የወጥ ቤቴን ወንበር አንድ እግር ፈትቼ ተሸክሜ ወደ አናጺው ሱቅ ሄድኩ።

«እግሩ ወለቀ» አልኩት።

ብሎኑን አገላብጦ አየ። «ይሄ በቢላ ጫፍ የተፈታ ነው።»

«እኔ ነኝ የፈታሁት። ያን ቀን ፈርቼ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ። ደግሞ አመሰግንሃለሁ፤ እንጀራዬ የተረፈው በአንተ ነው።»

ከኋላው ጣውላው በቀይ ተዥጎርጉሮ ቆሟል፤ እርማቱ ትኩስ ነው።

«ማን አረመልህ?»

«ትራስ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ እየመጣ ያስጠናኛል።» ፈገግ አለ። «እኔኮ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ‹አልገባኝም› ስል የሚመልስልኝ አጥቼ ነው። አንቺ ክፍል መልስ አገኘሁ። አመስጋኙማ እኔ ነኝ። የዴስኮቹን ብሎን መጀመሪያ የፈታሁት ለትምህርቱ ነበር።»

«በኋላስ?»

አንገቱን ደፋ። «በኋላማ ለአስተማሪዋ።»

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። «ወንበሩ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ግን እኔ ቀርፋፋ ነኝ። እየመጣሽ ጠይቂኝ።»

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነን፣ ተመስገን። ወንበሩ ወጥ ቤታችን ውስጥ ዛሬም ይወላገዳል። የተቀመጠበት እንግዳ ሁሉ «ባልሽ አናጺ አይደለም እንዴ?» ይለኛል።

«ነው» እላለሁ። «ገና አልጨረሰውም።»