ከሶሌታው ሥር

ይሄ ነገር በእውነት የሆነ ነው። ሰው ነገረኝ አላልኩም። እዚያው ነበርኩ።

"ጠጥተህ ይሆናል" ለምትሉኝ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከጠዋት ጀምሮ የጠጣሁት ለብ ያለ ውሃ ብቻ ነው።

ሜክሲኮ ሲቲ ዳርቻ፣ የመኖሪያ ቤቶች የሚሠሩበት ሳይት ላይ ኤክስካቫተር እነዳለሁ። ቦታው ባዶ ሜዳ ነው ተብለን ነበር የመሠረት ቁፋሮ የጀመርነው።

ባዶ አልነበረም...

ትንሽ ወረድ እንዳልኩ አካፋው ጠንካራ ነገር ነካ። ድንጋይ መስሎኝ ነበር። አውጥቼ ስደፋው ደረጃ ነው። ከነመደገፊያው የፈረሰ የፎቅ ደረጃ። ቀጥሎ ሮዝ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ወጣ። ቀጥሎ የበር ቁራጭ።

አንድ ሙሉ ፎቅ አምጥቶ እዚህ የቀበረ ሰው አለ።

"ወፍራሜ፣ ወርቅ ካገኘህ እኩል ነው!" አለኝ ድመቱ። ድመቱ የምንለው ከሁለተኛ ፎቅ ወድቆ በእግሩ ስለቆመ ነው። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ የልብስ ስፌት መኪና ወጣ።

ሳቃችን ቀጥ አለ። ሁላችንም ዞረን ፎርማናችንን ዶን ኤሊሂዮን አየናቸው።

እህታቸው አምፓሮ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከተማችንን ባፈራረሰው የሰማንያ አምስቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የምትሠራበት ፎቅ ተደረመሰባት። እሳቸው በጥፍራቸው እየቆፈሩ ሳለ ማሽን መጣና ፍርስራሹን ጠራርጎ ወሰደው። የት እንደደፉት የነገራቸው የለም። አስከሬኗም አልተገኘም። ሳይቱ ላይ ይሄን የማያውቅ ሰው የለም።

ዶን ኤሊሂዮ ወርደው መኪናውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ወዲያው እጃቸውን አነሱ።

"እስቲ ንካው" አሉኝ።

ነካሁት። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው። ብረቱ ግን ይሞቃል... ሲሠራበት ቆይቶ ሰፊዋ አሁን የተነሳችበት ይመስል።

ያኔ ነው የሰማነው።

ኳ... ኳ... ኳ...

ከመኪናው በታች የአንድ ፎቅ ወለል የነበረ ሰፊ ሶሌታ ተጋድሟል። ድምፁ ከእሱ ሥር ነው የሚመጣው።

ዶን ኤሊሂዮ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሱ። በእኛ ከተማ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ፀጥ በሉ፣ ከፍርስራሹ ሥር ሰው አለ ማለት ነው። ማሽኔ ላይ ወጥቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ሬዲዮው ተዘጋ። ለምሳችን ታኮ የምትሸጠው ሴትዮ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ማንም አላስነጠሰም፣ ማንም አላሳለም።

ኳ... ኳ... ኳ...

"ቱቦ ነው" አለ የሳይቱ ኢንጂነር ባሪየንቶስ።

ዶን ኤሊሂዮ መዶሻ አንስተው ሶሌታውን አራት ጊዜ መቱ። ባይመልሱ ይሻል ነበር። ግን እኛ የለመድነው እንደዚያ ነው፤ ከታች ሰው ሲያንኳኳ ይመለስለታል።

አራት ጊዜ ተመለሰ።

"የኮንክሪት ሚክሰሩ መንገድ ላይ ነው፤ ድፈኑት!" ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ።

"አንዴ ደፍናችሁብኛል። ሁለተኛ አትደፍኑብኝም" አሉ ዶን ኤሊሂዮ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አንሳልኝ።"

እንዴት እምቢ ልበላቸው? ሞተሩን አስነስቼ፣ ሰው እንደሚያሾልክ አድርጌ ሶሌታውን በአካፋው ቀና አደረግኩት። ከሥሩ አቧራ ቡን አለ። የሲሚንቶ አቧራ፣ ገና አሁን ከፈረሰ ቤት የሚወጣ ዓይነት...

በሆዳቸው ተኝተው ቀኝ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ሰደዱ።

"አምፓሮ?"

ክንዳቸውን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፉት።

"አምፓሪቶ... እኔ ነኝ።"

ፊታቸው በራ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

"ያዘችኝ" አሉ በሹክሹክታ።

ከዚያ ሰውነታቸው ወደ ፊት ተንሸራተተ። እየሳቡ አልነበረም... እየተሳቡ ነበር። ጭንቅላታቸው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ከማሽኑ ዘልዬ ቀበቷቸውን ያዝኩ። ድመቱ እግራቸውን ያዘ።

"ልቀቁኝ! ብቻዋን ነች!"

"አንለቅዎትም!"

እኚህን ሰው እንዳላጣቸው ፈራሁ። በዚያኛው በኩል የሚጎትታቸውን ነገር ደግሞ የባሰ ፈራሁት። ባለ በሌለ ጉልበታችን ስበን አወጣናቸው። እንደወጡ ሶሌታው ተንሸራቶ ወደቀ፤ ቀዳዳውም ተዘጋ።

ባሪየንቶስ በዚያው ቀን ኮንክሪት አስሞላበት። ዛሬ እዚያ ላይ ሰው ይኖራል።

ያለቅሳሉ፣ ይሳደባሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ዶን ኤሊሂዮ ግን ቀኝ እጃቸውን በግማሽ ጨብጠው፣ ከጎናቸው ትንሽ ራቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ባለፈው እሁድ ገበያ መሀል አገኘኋቸው። ቀኝ እጃቸው እንደዚያው ነው። ቲማቲም የሚመርጡት በግራቸው ነበር። ወፈር ብለዋል፣ ፊታቸው ወዝ አለው።

"እሷንም ሰላም በላት እንጂ" አሉኝ።

አሳዘኑኝ። ደስ ይበላቸው ብዬ ከእጃቸው አጠገብ ባዶው ላይ እጄን ዘረጋሁ።

ጣቶች ጨበጡኝ።

የሴት ጣቶች። አንደኛው ላይ፣ ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው የሚያጠልቋት ትንሽ የብረት ቆብ አለች።

እጄን ለመሳብ ሞከርኩ...

ዶን ኤሊሂዮ ሳቅ ብለው ወደ ጎናቸው ጎንበስ አሉ።

"ልቀቂው አንቺ፣ ልጁ ሥራ አለበት" አሏት።

አልለቀቀችኝም።