በሌሊት የተሰማው ሞተር

ወይዘሮ ገበያነሽ ደሴ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ አንድ ጫማቸው መንገድ ላይ ቀርቷል። ነጠላቸው መሬት ለመሬት ይጎተታል። በረንዳው ላይ የቆመው ፖሊስ ሊያስቆማቸው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግን በክንዱ ሥር አልፈው የኢንስፔክተር ከሪማን ቢሮ በር በትከሻቸው ከፈቱት።

«ባሌ ራሱን አላጠፋም» አሉ። «ልጄ፣ አላጠፋም ብለሽ ጻፊልኝ። አሁኑኑ ጻፊልኝ።»

ከሪማ ከወንበሯ ተነስታ ደገፈቻቸው። ወሬው ጠዋት ደርሷታል። ጡረታ የወጡት ሹፌር አቶ ብሩ በግቢያቸው ጋራዥ ውስጥ፣ በአሮጌ ላንድሮቨራቸው መሪ ላይ ተደፍተው ነው የተገኙት። የጋራዡ በር ተዘግቷል፤ የመኪናው ቁልፍ ዞሯል፤ ቤንዚኑ አልቋል፤ ባትሪው ደክሟል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ብዙም አልተጨነቁ። ሰውየው በሩን ዘግቶ ሞተር አስነስቷል፤ በጭሱ ታፍኖ ሞቷል፤ ሞተሩም ቤንዚን እስኪጨርስ ሠርቶ ቆሟል።

ምክንያትም አላጡለትም። አቶ ብሩ ከደሴ ዙሪያ ገጠር ምጥ የያዛትንም፣ የታመመውንም በዚያች መኪና እየጫኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያደርሱ ነበር፤ ሳንቲም አይቀበሉም። ባለፈው ክረምት ሙና የምትባል ነፍሰ ጡር ጭነው ሲሄዱ ሞተሩ ዝናብ መሐል ጸጥ አለባቸው። ሙና ከነጽንሷ እዚያው መኪናው ውስጥ አለፈች። ከዚያ ወዲህ አቶ ብሩ በወጉ አይበሉም፣ ከሰው ጋር አይጫወቱም።

«የንስሐ አባታችን ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም አሉኝ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። «ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። ስንቱን ከሞት ያተረፈ ሰው ያለ ጸሎት፣ ያለ ቄስ ሊጣል ነው። ማን አለኝ? የፈጣሪ ያለህ በይልኝ እንጂ!»

«አብሽሩ እማማ» አለች ከሪማ። ያለችውን ግን ራሷም አላመነችበትም። አለቃዋ ዶሴው ከቀብሩ በፊት ይዘጋ ብለዋል። ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻቸው።

ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነው። ጋራዡ በር ላይ አንድ ረዘም ያለ፣ ዓይኑ በለቅሶ የቀላ ሰው ቆሟል። የወይዘሮ ገበያነሽ ታናሽ ወንድም ይስማው ነው። በግቢው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ይኖራል፤ የራሱን ሚኒባስ በኮንትራት እየነዳ ይተዳደራል። ሚኒባሱም እዚያው ጥግ ቆማለች።

«ማታ ግቢው ውስጥ እነማን ነበራችሁ?» አለችው ከሪማ።

«እኔና ጋሼ ብሩ ብቻ። እህቴ ኮምቦልቻ ለቅሶ ቤት አድራ ጠዋት ነው የመጣችው። አግኝታው የጮኸችውም እሷ ናት።»

«የሰሙት ነገር አለ?»

ይስማው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አለ እንጂ! እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ሌሊት ሞተሩ ሲነሳ ሰምቻለሁ። በሽተኛ ሊያመጣ ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ያኔ ብነሳ ኖሮ …»

«ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ እንዴት ነበር?»

ጥያቄው እንግዳ ሆነበት። «እንደ ወትሮው። መጀመሪያ አንገራገረ፤ ኋላ ተነሳና ሲጮኽ ቆየ።»

«ትናንት ሰው መጥቶ ነበር?»

«መካኒክ መጥቷል አሉ፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሲመሽ ደግሞ የሙና ባል፣ ሙዓዊያ፣ ከዚህ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ፊቱ ደህና አልነበረም። ኢንስፔክተር፣ ሰው ገድሎታል የምትዪ ከሆነ ከእሱ ሌላ ቂም ያለው አላውቅም።»

ከሪማ ወደ ውስጥ ገባች። ጋራዡ ጠባብ ነው። የመኪናው ጭስ ማውጫ በኖራ ከተቀባው የኋላ ግድግዳ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረው። ተንበርክካ ግድግዳውን በጣቷ ፈተገችው። ኖራው ነጭ ነው። ከፊት ዞራ ኮፈኑን አነሳች። ሞተሩ በአቧራ ተሸፍኗል፤ የእሳት ገመዶቹ የሚሰኩበት ጥቁር ክዳን ብቻ ጣት ነክቶታል። ክዳኑን አላቃ ወደ ውስጡ አየች። ውስጡ ባዶ ነበር።

«እማማ፣ መካኒኩ ምን ሊሠራ ነው የመጣው?»

«ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን፣ ፑንቲና የሚሉትን አሮጌውን ዕቃ አውጥቶ ዘመናዊ ኤሌክትሮኒክ ሊያስገባለት። ዝናብ የማይበግረው፣ ንጥነጣ የማያጠፋው አዲስ እሳት ነው ብሎኝ ነበር። ‹ከእንግዲህ ማንም መንገድ ላይ አይቀርብኝም› እያለ እንደ ልጅ ሲደሰት ከረመ። ከትናንት ወዲያ ቤንዚን ሰልፍ ሲጠብቅ ውሎ ታንከሩን ሞልቶ ነው የገባው። ሊሞት ያሰበ ሰው ቤንዚን ይሞላል? ንገሪኝ!»

ከሪማ ቀና ብላ አየቻቸው። «ሞልቶ ነው ያሉት?»

«አፍ እስከ ገደፉ።»

መካኒኩ ተውፊቅ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ከሪማ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ከደረቅ ወደብ ከሚመጡ ከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፋች ወረደች። ተውፊቅን ያገኘችው ብረት የሚቀረጽበት አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ክብ ብረት ይዞ ነው። መርዶው ቀድሞ ደርሶታል፤ ዩኒፎርሟን ሲያይ ዱካ ላይ ቁጭ አለ።

«በእኔ ሥራ ነው የሞቱት? ወላሂ በጥንቃቄ ነው የሠራሁት! ኧረ እኔ የልጆች አባት ነኝ …»

«ተረጋጋ። ምን ሠራህ? ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«አሮጌውን ፑንቲና አወጣሁ። አዲሱን ልገጥም ስል መቀመጫው ብረት ተበልቷል፤ አልገጥም አለ። ቶርኖ ቤት ላስተካክለው ብዬ ብረቱንም፣ የሚሽከረከረውን ክፍልም፣ አዲሱን ዕቃም ይዤ ወረድኩ። አቧራ እንዳይገባ ክዳኑን መልሼ ደፋሁበት። ይኸው፣ ሁሉም እጄ ላይ ነው።»

«እነዚህ ሳይኖሩ ሞተሩ ይነሳል?»

«በምን እሳት? ቁልፍ ቢያዞሩት ባትሪው እስኪደክም ይሽከረከር ይሆናል እንጂ አይነሳም።»

ከሪማ ያለውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ተውፊቅ ግን ገና አልጨረሰም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሌላም ነገር አለ። ከአሮጌው ፑንቲና ጋር የተያያዘች ቀጭን ሽቦ ነበረች። ልባሷ በምላጭ ተልጧል። በመበላሸት አይደለም፤ ሰው የላጠው ነው። ኮረኮንች ላይ መኪናው ሲነጠነጥ ሽቦዋ ብረት ትነካለች፤ እሳቱ ይጠፋል። ፎቶ አንስቻታለሁ፣ ይዩት። ለጋሽ ብሩ ሳሳያቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ‹ዝናቡ አልነበረም ማለት ነው› አሉ። ከዚያ ሽቦዋን ኪሳቸው ከተው ‹ይህን የከፈተ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የቤቴ ሰው ነው› አሉኝ። ስም አልጠሩም።»

ወደ ደሴ ስትመለስ አስከሬኑን ያየችው ሐኪም ደወለችላት። «በመኪና ጭስ የሞተ ሰው ቆዳው ይቀላል» አለች ሐኪሟ። «የእኚህ ሰው ከንፈርና ጥፍር ሰማያዊ ነው። የከንፈራቸው ውስጥም በጥርሳቸው ተቆርጧል። አንድ ሰው አፍና አፍንጫቸውን በለስላሳ ነገር አፍኖ ይዟል።»

ኪሳቸው ውስጥ ሽቦ አልተገኘም። አስከሬኑም ተመርምሮ አልቆ ወደ ግቢው ተመልሷል።

ሙዓዊያ ድንኳኑ ሥር፣ ከሰው ተለይቶ ተቀምጧል። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይመለከተዋል። ከሪማ ሰላምታ ሰጥታው አጠገቡ ተቀመጠች።

«ትናንት ለምን መጣህ?»

«እሳቸው አስጠሩኝ። ወላሂ እስከ ትናንት ድረስ በልቤ ስረግማቸው ነው የኖርኩት። በዚያ አሮጌ ቆርቆሮ ሙናን ጭነው ገደሏት እያልኩ። ትናንት ግን እጄን ይዘው አለቀሱ። ‹ሙናን የነጠቀህ ዝናብ አይደለም፤ ነገ ያደረገውን ሰው ይዤልህ እመጣለሁ› አሉኝ። በምንድን ነው የሚመጡት ብላቸው፣ መኪናዋ ተፈትታለች፣ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ አሉ።» አንገቱን ደፋ። «ስጠብቃቸው አደርኩ። የመጣው መርዷቸው ነው።»

የቀብሩ ሰዓት ተቃርቧል። ከሪማ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ወይዘሮ ገበያነሽን፣ ይስማውን፣ ሙዓዊያን፣ ከኮምቦልቻ ይዛው የመጣችውን ተውፊቅን፣ እንዲሁም የንስሐ አባታቸውን ቄስ ኃይለ ሚካኤልን። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆመ።

«አባ፣ ራሳቸውን አጥፍተዋል ስለተባለ ፍትሐት ከልክለዋል» አለች። «ስለዚህ እርስዎ በደንብ ይስሙኝ። ይህ ሞተር ሌሊቱን ሙሉ ከሠራ ይህ ነጭ ግድግዳ መጥቆር ነበረበት። አልጠቆረም። ታንከሩ ሙሉ ነበር፤ የቆመ መኪና ደግሞ ሙሉ ታንከር በአንድ ሌሊት አይጨርስም። አስከሬኑ ላይም የጭስ ምልክት የለም።»

ኮፈኑን አንስታ ጥቁሩን ክዳን አወለቀች። «ከሁሉም በላይ ይህን ይዩ። ባዶ ነው። እሳት የሚሰጠው ዕቃ ሁሉ ሌሊቱን ኮምቦልቻ፣ ተውፊቅ እጅ ላይ ነበር። ሞተሩ ሊነሳ አይችልም። አቶ ብሩ ይህን ያውቃሉ። ታዲያ እንደማይነሳ በሚያውቁት መኪና ራሳቸውን ሊያጠፉ ይቀመጣሉ?»

ቄስ ኃይለ ሚካኤል አማተቡ።

«ገዳዩ ግን አያውቅም ነበር። አፍኖ ገደላቸው፤ አምጥቶ መሪው ላይ አስቀመጣቸው፤ ቁልፉን አዞረ። አልነሳም። ባትሪው እስኪደክም አዞረ። ሲጨንቀው ሞተሩ ሠርቶ ሠርቶ የቆመ እንዲመስል ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ ቀድቶ ጨረሰ። ማን ነው? ተውፊቅ አይደለም፤ ዕቃውን ፈትቶ የወሰደው ራሱ ነው። ሙዓዊያም አይደለም፤ መኪናዋ መፈታቷን ከሟቹ አፍ ሰምቷል። የማያውቅ አንድ ሰው ነበር። እሱ ብቻ ነው ሊነሳ የማይችለውን ሞተር ሌሊት ሲነሳ የሰማው።»

ሁሉም ወደ ይስማው ዞሩ።

«ተሳስቼ ይሆናል!» አለ ይስማው። «የሌላ መኪና ይሆናል፤ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ …»

«እንደ ወትሮው አንገራግሮ ተነሳ ብለውኛል። እሺ ይሁን። እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ክረምት፣ ሙና ከመሞቷ በፊት፣ የዚህችን መኪና ኮፈን የከፈተ ማን ነበር?»

ወይዘሮ ገበያነሽ ግራ ተጋብተው ከሪማን አዩ። ከዚያ አንገታቸው ቀስ ብሎ ወደ ወንድማቸው ዞረ፤ ፊታቸው ደም እንደሌለው ሆነ።

«አንተ ነህ» አሉት በሹክሹክታ። «የሞተሩን ካንዴላ ላጽዳለት ብለህ … እኔ ነኝ ምላጩን የሰጠሁህ። ይስማው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁህ!»

ከሪማ በእጇ ስትጠቁመው በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሄዶ የይስማውን ሚኒባስ ከፈተ። ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት ጀሪካን ቤንዚን አወጣ። ሚኒባሷ ናፍጣ ነው የምትጠጣው።

ይስማው በግድግዳው ተንሸራትቶ ቁጢጥ አለ። «መኪናዬ ቆማ ነበር የምትውለው» አለ። «ገጠሩ ሁሉ ጋሼ ብሩን ነው የሚጠራው። ሁለት ሦስቴ መንገድ ላይ ቢቀር ሰው ያምነዋል? ይተወዋል፤ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ነው። ያን ቀን ምጥ የያዛት ሴት እንደሚጭን በምን አውቄ? ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ትናንት ሽቦውን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ነገ ሙዓዊያ ፊት ትናገራለህ አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለመንኩት። እንቢ አለ። ዝም እንዲልልኝ ብቻ ነበር … ዝም እንዲልልኝ …»

ሙዓዊያ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ወደ ይስማው አንድ እርምጃ ሄደ። ተውፊቅ ሊይዘው ተጠጋ፤ ግን አላስፈለገም። ሙዓዊያ ግንባሩን የመኪናው በር ላይ አስደግፎ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለ መንሰቅሰቅ ጀመረ።

ይስማውን ካቴና አስገብተው ሲወስዱት ወይዘሮ ገበያነሽ አላለቀሱም፤ አልተሳደቡም። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ቀረብ ብለው፣ «ይቅር በይኝ ልጄ። ፍትሐቱ በሙሉ ሥርዓት ይደረጋል። ጸሎቱን እኔው ራሴ አደርሳለሁ» አሏቸው። ወይዘሮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠዋት የተጠሙት ነገር ተሰጣቸው ማለት ነው ብላ ከሪማ አሰበች፤ ደስ ግን አላላትም።

«ልጄ» አሏት ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ከጋራዡ ሲወጡ ክንዷን ይዘው። «እናታችን በሕይወት አለች። አልጋ ላይ ነች፣ እዚህ ታች ሰፈር። የይስማውን ስም ሳትጠራ አትውልም፤ ከእጁ ካልሆነ አትጎርስም። ማታ ይስማው የት ሄደ ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ከሪማ መሬት የነካውን ነጠላቸውን አንስታ ትከሻቸው ላይ አደረገችላቸው።

ከድንኳኑ ቃሬዛው ተነሳ። ከፊት በቀኝ በኩል ሙዓዊያ ገብቶ ተሸክሟል። ወይዘሮ ገበያነሽ ክንዷን ለቀቁ።

«እስኪ መጀመሪያ ባሌን ልቅበር» አሉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያጣፉ ሰልፉን ተከተሉ።