ሰላምታ ከደወሉ በፊት

ጠዋት ጠዋት የተኙት መንገደኞች ሕልም በጠፈር መርከቧ ኮሪደር ላይ እንደ ጉም ይወርዳል። እማዋይሽ ለምዳዋለች፤ የሰው ሰርግ፣ የሰው ዝናብ እያቋረጠች ሄዳ ሥራዋ ላይ ትቀመጣለች። በባሏ በይርዳው ሕልም ውስጥ ስታልፍ ግን እግሯ አልታዘዝ ይላታል። ነቅቶ የመጠበቁ ዕጣ የደረሳት እሷ ናት፤ ሌላው ሁሉ ከተኛ ዓመታት አልፈዋል።

ያን ቀን አዲሷ ፕላኔት በመስኮቱ ወለል ብላ ታየች። የመርከቧ አእምሮ፣ «አንቂ» የሚባለው፣ ተኚዎቹን የሚቀሰቅሰው ሕልምን አቋርጦ «ንቃ» በሚል ደወል ነው። ደወሉ አስቀድሞ «ምትክ» በሚሉት፣ እንደ ሰው በሚያልም ሰው ሠራሽ አንጎል ላይ ይፈተሻል። ፍተሻው ደግሞ አመለኛ ነው። አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም።

«እትዬ፣ ዛሬም ወደቀ» አላት አንቂ። «ሳላረጋግጥ ሰው አልቀሰቅስም። ፕላኔቷን አልፈናት እንሄዳለን።»

የሚቀጥለው ማረፊያ የሚደረሰው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ይርዳውን ዳግም ነቅቶ ላታየው ነው። የፍተሻውን መዝገብ ከፈተች።

«ከመደወልህ በፊት ምን ያህል ትጠብቃለህ?»

«በተሰጠኝ ልክ። ሲወድቅ ትንሽ አራዝመዋለሁ።»

«ሕልም በሰዓት ይሄዳል እንዴ?»

የወደቁትን ፍተሻዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። በሁሉም ደወሉ የመጣው የምትክ ጆሮ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ሰሚ ሳያገኝ ጮሆ አልፏል። አገሯ እያለች መርዶ ሊያረዱ የሚመጡት ሽማግሌዎች ትዝ አሏት። በር ላይ ቆመው አይዘረግፉትም፤ ሰላም ብለው፣ ባለቤቱ መልሶላቸው፣ ቁጭ ካሉ በኋላ ነው የሚናገሩት።

«የመጠበቂያውን ሰዓት እርሳው። መጀመሪያ እንዴት አደርክ በለው። ሲመልስልህ ያኔ ትደውላለህ።»

አንቂ ሞከረ፤ አለፈ። ደጋግሞ ሞከረ፤ አሁንም አለፈ። እማዋይሽ ብቻዋን እልል አለች።

«በማን ልጀምር?»

«በማን እንደምትጀምር ታውቃለህ፤ አታድርቀኝ!»

አንቂ «እንዴት አደርክ?» ሲል በድምፅ ማጉያው ሰማችው።  ቆይቶ ከእንቅልፍ ወዲያ የይርዳው የጎረነነ ድምፅ መጣ።

«ይመስገን፣ ደህና። እናንተስ? እንዴት ከረማችሁ?»

ደወሉ አልተሰማም።

«እትዬ» አለ አንቂ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምትክ መልሶ ጠይቆኝ አያውቅም። ምን ልበለው?»

ያን ሁሉ ዓመት እማዋይሽን እንዴት ነሽ ያላት ሰው አልነበረም። «ደህና ነን በለው» ልትል አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።

«አንተ ቆይ» አለችው፣ ወደ ይርዳው አልጋ እየሮጠች። «ይህን እኔ ራሴ ነኝ የምመልስለት።»