የአንሴልም አንደበት

አስጎብኚውን አንሴልም ኩርታድን ከጥንቱ ግንብ ጠመዝማዛ ደረጃ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ያገኙት የስምንት ሰዓቱ ጎብኚዎች ነበሩ። ካፒቴን ሶላንዥ ማሬክ ስትደርስ የከተማዋ የብሬዞላክ ሰው «አዳልጦት ነው» ብሎ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ሐኪሙ ግን የሟቹን ማጅራት አሳያት።

«ይህ የደረጃ አይደለም። የመዶሻ ምት ነው።»

መዶሻው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ደሙ ተጠርጎ ተገኘ። ከዚያው ጀምሮ ወደ ላይ በጠቆረው አሮጌ ገመድ ፋንታ አዲስ ነጭ የመደገፊያ ገመድ ተዘርግቷል። አንሴልም ያን ዕለት ረፋድ ከጎረቤት ከተማ ገዝቶት፣ ግንቡ ለምሳ ሲዘጋ ሰቅሎት ነበር። ካፒቴኗ በሩ ላይ ጠባቂ አቆመች፤ ስለ ገመዱም ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ሚስቱ ኦዲል አላለቀሰችም። «ገዳዩን ከፈለጉ ጊስሌን መሸታ ቤት ይሂዱ! ሃያ ዓመት ባሌን ስታባብልብኝ የኖረች!»

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ከእህቴ ጋር ሆነን ስንጠብቀው። ያ የጠቆረ ገመድ አንድ ቀን ይጥልሃል ብዬው ነበር።»

ጊስሌን ብርጭቆ እየወለወለች በምሬት ሳቀች። «በእኔ ትቀናለች? ማታ ማታ የሚገባው እሷ ቤት! የቀናሁትስ እኔ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን አርባ ሰው ሳስተናግድ ነበር፤ ይጠይቋቸው።»

የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ጠባቂ ኤቫሪስት ሩቪዬ መነጽሩን አወለቀ። «ምስኪን! ያ ነጭ ገመድ አጠገቡ እያለ አለመያዙ! እኔማ ከመዝገብ ቤቴ ንቅንቅ አላልኩም።»

በማግስቱ ካፒቴኗ ሦስቱንም መሸታ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች።

«አንሴልም አልወደቀም፤ ተመታ» አለች። «ግንቡ ተዘግቶ ስለነበር፣ ገዳዩ አንሴልም ራሱ ከፍቶ ያስገባው ሰው ነው። ኦዲል የምታውቀው የጠቆረውን ገመድ ነው፤ እህቷም አብራት ነበረች። ጊስሌንም አርባ ምስክር አላት። እርስዎ ግን፣ አቶ ሩቪዬ፣ ነጭ ገመድ አሉ።»

«ጎብኚዎቹ ነግረውኝ ይሆናላ!»

«እነሱ ከግርጌው አላለፉም። ነጩ ገመድ ከታች አይታይም። ከሟቹና ከእኛ ሌላ ያየው ገዳዩ ብቻ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ብራና ስገልጥ ዓይኔ ጠፋ» አለ ኤቫሪስት። «የግንቡን ከበባ ታሪክ፣ የደወል ሠሪውን ታሪክ ያገኘሁት እኔ! ያወራው እሱ፣ የተጨበጨበው ለእሱ። እኔ ሳወራ ሰው ያዛጋል። ስሜን አንዴ እንዲጠራልኝ ብቻ ለመንኩት። ‹ታሪክ የተናጋሪው ነው› ብሎ ሳቀና ጀርባውን ሰጠኝ።»

ካፒቴኗ ከእሷ በኋላ የገቡ ባልደረቦቿ ሲሾሙ እያየች እንቅልፍ ያጣችበትን ዓመት አስታወሰች። ጊስሌን ለኦዲል ወንበር ሳበችላት፤ ኦዲልም ተቀመጠች።

ኤቫሪስትን ይዘውት ሲወጡ፣ አደባባዩ ላይ የተሰበሰቡ ጎብኚዎች የታሰሩትን እጆቹን ካፖርቱ ስለሸፈናቸው አላዩም። አንዲት ሴት ፈገግ ብላ ቀረበችው።

«አስጎብኚያችን እርስዎ ነዎት?»

የኤቫሪስት ፊት በራ። ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀው። አፉን ከፈተ፤ አንዲት ቃል እንኳ አልወጣውም።