ፀሐይ ላይ የተሰጣው ባትሪ

«አራተኛው ነው» አለ ወልደ ሰንበት።

«መጨረሻውም ነው። ዞር ሳትል ተቀበል።»

ሰኞ ነበር፤ ቢቸና። ታዘበው የሚባለው ሾፌር ጎማ የሚያይ መስሎ ቁጢጥ ብሏል። የገመዷን ጥቅል የሽምብራ ከረጢት ውስጥ ሸጉጦ በእግሩ ገፋለት። ሁለት ሚሊሻዎች ወደ መኪናው መጡ።

አለፉ።

«የፊተኞቹ ሦስቱ አልገቡም» አለ ወልደ ሰንበት። «አንዱ አፉ ሰፋ፣ አንዱ ጠበበ፣ አንዱ የቤት መብራት ገመድ ነው።»

«ምን ላድርግህ? እኔ የማውቀው ጎማና ናፍጣ ነው።»

ወልደ ሰንበት ሞጣ ላይ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሙያው እውነት ነው፤ ስሙ ግን የራሱ አይደለም። ከዓባይ ማዶ ደርግን የሚወጉት ጓዶቹ «ዶቅማ» ይሉታል። ታዘበውን «ሾላ» ይሉታል።

ከደኅንነት ቢሮ የወጣ የሠላሳ አንድ ሰው ዝርዝር በእጁ አለ። ሰዎቹ ማዶ ናቸው፤ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ይለቀማሉ። ሐሙስ ካልደረሰላቸው አለቀላቸው። የዓባይ ድልድይ ተሰብሮ ሰው የሚሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነው፤ ገመዱ ጋ ጠባቂዎች ኪስና ጫማ ይፈትሻሉ። ስለዚህ ጓዶቹ በሬዲዮ የምትታዘዝ የልጆች መጫወቻ ጀልባ ላኩለት። የባትሪዋን መሙያ ገመድ ግን ረሱ።

ወሩን ሙሉ ሲያበግነው የቆየው ይኸው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሞጣ፣ ገመዱን ለሥራው ከሚጠቀምበት የመኪና ባትሪ ላይ ቀጠለው። ቀጭኑ ስፒና ከጀልባዋ ባትሪ አፍ ጋር ገጠመ። ቀጥ ብሎ ገባ! ወልደ ሰንበት በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ደስታው አዘናጋው። ሌላ ጊዜ ሳይፈትን የማይቀጥለውን ሳይፈትን ተወው።

ባትሪው አበጠ።

ጨሰ።

ነቀለው። አልቋል።

በብርጭቆ ጨው በጠበጠ። የገመዱን ሁለት ጫፎች ነከረ። አረፋ የሚበዛው በኔጌቲቩ በኩል ነው፤ ይህን ሙያው አስተምሮታል። አረፋው ከቀዩ በኩል ተንተከተከ። መሐል ላይ የተጠቀለለውን ናስትሮ ላጠ። ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ተቀጥሏል። የተበየደበት ስታኞ አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል።

ገመዱን ከታዘበው ሌላ የነካው የለም። ጎማና ናፍጣ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሾላ ከድቷል።

ለምን አላስያዘውም? ዝርዝሩ የት እንዳለ ደኅንነቶቹ ስለማያውቁ ነው። ጀልባዋ ከሞተች ዶቅማ ወረቀቱን ራሱ ይዞ ወደ ገመዱ ይሄዳል። እዚያ ያንቁታል።

«ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?» የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘርፈሽ ብቅ አሉ።

«ባትሪ ተቃጥሎ ነው።»

«ስጠኝ፣ ፀሐይ ላይ ላስጣው። ባትሪ ድንጋዬን እንዲያ ነው የማስነሣው።»

«ይሄ አይነሣም፣ እትዬ።»

«አንተ ዘንድ ምን የሚነሣ ነገር አለ! ሬዲዮዬ ከጥር ጀምሮ ተኝቷል።»

ነጥቀውት ወጡ። ደጅ ቆርቆሮ ላይ፣ ከስድስት ባትሪ ድንጋዮቻቸው ጎን አሰለፉት። ወልደ ሰንበት ተናዶ ሊያነሣው ተከተላቸው።

እጁን ሰብሰብ አደረገ። የታዘበው መኪና ከሰዓት በኋላ በዚያ ደጅ ያልፋል።

ተወው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ቆመ። ታዘበው ወረደ። ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ አረፈ፤ ያበጠውንና የጠቆረውን ባትሪ አየ።

«ተበላሸ እንዴ?»

«ተቃጠለ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ በገመዱ እሻገራለሁ። ወረቀቱን ጫማዬ ውስጥ አደርገዋለሁ።»

«አይዞህ፣ ወንድሜ።»

ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ።

አንድ ባትሪ ቀርቶታል፤ የራሱ። ወለሉ ሥር የቀበራት የሬዲዮ መሣሪያ ድምፅ አታስተላልፍም፤ ሦስት ጊዜ ጢጥ ማለት ብቻ ነው የምትችለው። ትርጉሙም «መጥታችሁ አውጡኝ» ነው። ባትሪዋ የጀልባዋን ያህል ነው፤ ስፒናው ግን ሌላ ነው።

መቁረጫውን ይዞ ብዙ ቆየ። ባትሪው በጀልባዋ ከሄደ አይመለስም።

ቆረጠው።

ታዘበው ደግሞ ቢያልፍ የተቃጠለው ባትሪ ከነስፒናው ደጅ መታየት አለበት። ስለዚህ የጀልባዋን ገመድ ከራሱ ባትሪ ጋር ያለ ስፒና በየደው። የመሙያውንም ቀይና ጥቁር አቀና። በጨው ውኃ ፈተነ። ደግሞ ፈተነ። ከዚያ ሞላው።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት። ከገመዱ ሁለት ጥምዝ ታች፣ ዓባይ በበጋው ቀጥኖ ይተኛል። ወልደ ሰንበት በላስቲክ የታሸገውን ዝርዝር ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ከተተ። ማዶ «ዋንዛ» የሚሏት ሴት ልብስ ታጥባለች።

ለቀቃት።

መሐል ላይ አዙሪት ያዛት።

ዞረች። ደግሞ ዞረች። በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያ በላቡ ረጠበ።

«ውጪ፣ አንቺ የተረገምሽ!»

ወጣች። ዋንዛ ከታጠበ ነጠላ ጋር አፍሳ ወሰደቻት። ቀና ብላ አላየችውም።

ከላይ ፉጨት ተሰማ። ገመዱ ጋ የሚጠብቁት ሰዎች ትዕግሥታቸው አልቋል። ወልደ ሰንበት መቆጣጠሪያውን ውኃው ውስጥ ጣለና ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል፣ ገደል ገደሉን ሄደ።

የጁቤ ከተማ ላይ ገብረ ኪዳን የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። ዝምተኛ ነው፤ ይህም ስም የራሱ አይደለም። በመጣ ሰሞን የሰው ሬዲዮ አቃንቶ ሲሞክር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአጭር ሞገድ አንድ ድምፅ አገኘ።

«ዶቅማ፣ ዶቅማ። ሠላሳ አንዱም ደኅና ናቸው። የት ነህ? ምልክት ስጠን።»

የሚሰጥበት ባትሪ ከጀልባዋ ጋር ሄዷል። በማግስቱም ጠሩት። በሦስተኛው ቀን ጣቢያው ላይ የሞገድ ሽውታ ብቻ ነበር።

«ተሠራልኝ?» አለች የሬዲዮው ባለቤት።

«ተሠርቷል። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጪው።»